ዳኛ የሌለበት ገበታ

እናቴን ያሳፈራት በገዛ እጄ የሠራሁት መሣሪያ ነው።

ከዕለት እንጀራዬ በተረፈኝ ሰዓት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሌሊት ሌሊት እየተቀመጥሁ ስሠራው ቆየሁ። አዲስ የገበታ ጨዋታ የሚፈለስፍ ሰው ካርቶን ሳይቆርጥ፣ ሙጫና መቀስ ሳይፈልግ፣ ረቂቁን በኢንተርኔት ላይ ዘርግቶ በሩቅ ካሉ ወዳጆቹ ጋር እየተጫወተ የሚፈትንበት መሣሪያ ነው። ሰሌዳውን ይሥላል፤ ጠጠሩን ይደረድራል፤ ሕጉን ይጽፋል። ሕጉ አንዴ ከተጻፈ መሣሪያው ራሱ ዳኛ ይሆናል፤ ተራ ያስጠብቃል፤ ያልተፈቀደውን ይከለክላል። በዚህ ዳኝነቱ እጅግ እኮራ ነበር።

ለመጀመሪያው ፈተና ገበጣን መረጥሁ። ሦስት ረድፍ፣ 18 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 3 ጠጠር፣ በጠቅላላው 54 ጠጠር። ሕጉን በልጅነቴ የአዲስ አበባ የሰፈራችን ልጆች እንዳስተማሩኝ አድርጌ ጻፍሁት። ተጋጣሚዬ እናቴ ነበረች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ደብረ ታቦር ተመልሳለች፤ ገበጣንም የተማረችው እዚያው ከብት ስትጠብቅ፣ መሬት ቆፍራ ነው። ያን ሰሞን የሰው ስም እየጠፋባት ተጨንቃ ስለ ነበር፣ ጨዋታው ያጽናናታል ብዬ አሰብሁ።

የእኅቴ ልጅ ስልኩን ያዘችላት። እናቴ ጠጠሩን አንሥታ ወደ ግራ ማደል ጀመረች። መሣሪያው ቀይ ጽሑፍ አወጣ፦ «ስሕተት! አይፈቀድም»። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ ከለከላት። በሦስተኛው ልጅቷ፣ «እማማ፣ አይሆንም ይላል» አለቻት።

እናቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም፣ «እንግዲያስ ይህንንም ረስቼዋለሁ ማለት ነው፣ ልጄ» ብላ ስልኩን መለሰች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣ ያሳተሙትን ጥናት አስታወስሁ። በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ይህ ጨዋታ በርካታ መልክ እንዳለው ያሳያል፤ የረድፉም ቁጥር፣ የአጨዋወቱም ሥርዓት ከስፍራ ስፍራ ይለያያል። እናቴ አልረሳችም ነበር። እኔ የአንድ ሰፈር ልጆችን ልማድ የአገር ሕግ አድርጌ፣ በእርሷ ላይ ዳኛ ሾሜባት ነበር።

ሰንጠረዣችንም ያንኑ ነገረኝ። በጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲከፈት ወረራ የሚባል ምዕራፍ አለ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ እንደ ፈቃዳቸው ያንቀሳቅሳሉ። በመሣሪያዬ የመጀመሪያ መስመር ላይ ግን «ያለ ተራው ማንም እጁን አይዘረጋም» የሚል ትእዛዝ ጽፌ ነበር። ነገሥታትና መኳንንት የተጫወቱትን ጨዋታ የእኔ መሣሪያ ሊያስጀምረው እንኳ አይችልም።

በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ቴብልቶፕ ሲሙሌተር የተባለው ፕሮግራም ሕግ አያስከብርም፤ የተናደደ ተጫዋች ጠረጴዛውን እንዲገለብጥ ሳይቀር ይፈቅድለታል። ቀደም ሲል ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሬ ስቄበት ነበር። ረቂቅ ጨዋታ ግን ገና ሕጉ ያልጸና ጨዋታ ነው፤ የሚፈተነውም ሰዎች ሕጉን ሲስቱት፣ ሲያጣምሙትና ሲከራከሩበት ነው። ፈልሳፊውም በዚያን ሰዓት ሊያደርግ የሚገባው ዝም ብሎ መመልከት ነው። የእኔ ዳኛ ግን ሊታይ የሚገባውን ሁሉ ገና ከመታየቱ ይከለክል ነበር።

የብዙ ወራት ድካሜን አፈረስሁት። ሰሌዳው፣ ጠጠሩና የሁለቱ ሰዎች ድምፅ ብቻ ቀሩ።

እናቴ እንደገና እንድትጫወት ማግባባት ቀላል አልነበረም። «ያ ማሽንህ ይቆጣኛል» አለችኝ። በመጨረሻ እሺ አለች። ጠጠሩን ወደ ግራ አደለች፤ ማንም አልከለከላትም። ጥቂት ቆይታ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ስትጫወት፣ «እማዬ፣ ተራው የእኔ ነው» አልኋት። «ማን አለህ? የበላ ይደግማል!» ብላ ተቆጣችኝ። ተከራከርን፤ ሳቀች፤ አሸነፈችኝም።

ስሟን የረሳችው ጎረቤት አሁንም ስሟ አልመጣላትም። የገበጣውን ሕግ ግን አንድ በአንድ እያስጻፈችኝ ነው። አንዱን ገና አላስረዳችኝም፤ ለቅዳሜ ቀጥራኛለች።