ከልጁ ጎን የቆመው ሰው

ዌስ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2023 አራት የሮልድ ዳል አጫጭር ልቦለዶችን ለኔትፍሊክስ በአጭር ፊልም ሠርቷል። ኦስካር ያገኘው ስለ ሄንሪ ሹገር የሚተርከው፣ 39 ደቂቃ የሚፈጀው ነው፤ ይገባዋልም። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ የ17 ደቂቃው «ዘ ስዋን» ነው።

ታሪኩ ይከብዳል። ኧርኒ የሚባል ጉልበተኛ ለልደቱ ጠመንጃ ይሰጠዋል። ከጓደኛው ጋር ሆኖ ወፍ ማየት የሚወደውን ትንሹን ፒተር ዋትሰንን ይይዙትና የባቡር ሐዲድ መሃል አስረው ያስተኙታል። ከዚያ ይተርፋል። ቀጥለው ጎጆዋ ላይ የተቀመጠችውን ስዋን፣ ያቺን አንገተ ረጅም ነጭ የውሃ ወፍ፣ ገድለው ክንፎቿን ከልጁ ክንዶች ጋር ያስሩና ዛፍ ላይ ያስወጡታል።

ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ደምና ጩኸት ያሳየን ነበር። አንደርሰን ግን ዛሬ ትልቅ ሰው የሆነውን ፒተርን፣ ሩፐርት ፍሬንድ የሚጫወተውን፣ ከትንሹ ፒተር አጠገብ ያቆመዋል። ረጅም ሣር ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ በቆመበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሰውየው ዓይኑን እኛ ላይ ተክሎ ሁሉንም ይተርካል፤ የአጥቂዎቹን ንግግር ሳይቀር። ድምፁ አይቆራረጥም። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ አጠገቡ ይቆማል።

ይህን አካሄድ ስሜት የለውም የሚሉ ብዙ ናቸው። አልስማማም። ሰውየው ድምፁን ያረጋጋው ሕመሙ ስለቀለለው አይመስለኝም፤ ካላረጋጋው ታሪኩን መጨረስ አይችልም።

ይህን የምለው ስለማውቀው ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ትልልቅ ልጆች ከትምህርት ቤት ስመለስ ይዘው፣ በገዛ ቀበቶዬ እጄን ከሽቦ አጥር ጋር አስረውኝ ነበር። ሽቦው አንጓዬን ሲቦጭቀው እየሳቁ ያዩኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አፌን ስከፍት ድምፄ ይከዳኝ ነበር፤ ያው ልጅ እሆን ነበር።

ዳል «ዘ ስዋን»ን የጻፈው ከጋዜጣ ያገኘውን ወሬ 30 ዓመት ያህል አቆይቶ ነው። ይህን ሳውቅ የእኔም መዘግየት አላሳፈረኝም።

አንድ ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። እንደዚያ ተራኪ፣ «ልጁ በአቋራጩ መጣ፣ ቀበቶውን ፈቱት» እያልኩ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ልጁን ከጎኔ ሳቆመው ድምፄ እስከ መጨረሻው አደረሰኝ። እሷ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የጠየቀችኝ፣ «ቤት ስትደርስ እጅህን ማን አየልህ?» ብላ ነው። እጄን በሹራቤ እጅጌ ደብቄ እራት እንደበላሁ ነገርኳት።

እናቴ ዛሬም በሕይወት አለች። ለፋሲካ ሄጄ ለእሷም እነግራታለሁ።