ሦስት ቀን፣ ሦስት ዓመት

ሐዘን ስንት ጊዜ ይበቃዋል? እስልምና ቁርጥ ያለ መልስ አለው፤ ሦስት ቀን። ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ አራት ወር ከአሥር ቀን ትቀመጣለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 የኖረው ኮንፊሺየስም መልሱ ቁርጥ ያለ ነው፤ ለእናትና ለአባት ሦስት ዓመት።

በሁለቱ መልሶች መሀል የቆምኩት አባቴ ሲሞት ነው። እኔ ለትምህርት ቻይና፣ ሺአን ከተማ ነበርኩ፤ እሱ ወሎ ተቀበረ፣ በሞተበት ዕለት። የእኛ ሰው ጀናዛ አያሳድርም። በአራተኛው ቀን ደብተሬን ይዤ ስወጣ ዶርም አብሮኝ የሚኖረው ቻይናዊ ልጅ አየኝና፣ «የሞቱት አባትህ አይደሉም እንዴ?» አለኝ። ክፋት አልነበረውም። ግን ነገሩ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

እሱም ቢሆን ሦስት ዓመት አያዝንም፤ ያ ድሮ ቀርቷል። በነገሥታቱ ዘመን ግን ወላጁ የሞተበት ሹም ሥልጣኑን ትቶ 27 ወር ቤቱ ይቀመጥ ነበር። ምክንያቱ ልብ ይነካል። አንድ ተማሪው ዓመት አይበቃም ወይ ብሎ ሲከራከር፣ ኮንፊሺየስ ልጅ ከወላጁ እቅፍ የሚወርደው ሦስት ዓመት ሲሞላው መሆኑን አስታወሰ። ሐዘኑ ውለታ መመለስ ነው ማለት ነው። በዚህ ዓይን ሰው ከሁሉ በፊት የሰው ልጅ ነው፤ ወላጁ ቢሞትም ልጅነቱ አያበቃም። ዛሬም በየዓመቱ መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ በቺንግሚንግ በዓል፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ መቃብር ይጠርጋል።

እስልምና ወላጅን ያቃልላል ማለት አይደለም። ቁርኣን አላህን ብቻ ማምለክን ባዘዘበት አንቀጽ ላይ ወዲያው ለወላጅ በጎ መዋልን ያስከትላል። ነቢዩም ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ነገር ግን ሟቹ የአላህ ነበር፣ ወደ አላህም ተመለሰ፤ ሐዘን ሲረዝም ከባለቤቱ ጋር መሟገት ይመስላል። ለልጅ የሚቀረው ዱዓና ሰደቃ ነው። ለእነሱ ደግሞ የቀን ገደብ የለም።

ሁለቱን አስማምተው የሚኖሩ ሙስሊሞች እዚያው ሺአን አሉ፤ ሁዊ ይባላሉ። ታላቁ መስጊዳቸው ጉልላት የለውም፤ የጣሪያው ጫፍ እንደ ቻይና ቤተ መቅደስ ወደ ላይ የታጠፈ ነው። ቤተ መቅደሶቹ ወደ ደቡብ ሲያዩ እሱ ግን የተዘረጋው ወደ ምዕራብ፣ ወደ መካ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ምሁራቸው ሊዩ ዢ አምስቱን የእስልምና ማዕዘናት የሰማይ መንገድ፣ የኮንፊሺየስን አምስት ዝምድናዎች ደግሞ የሰው መንገድ አድርጎ አጣመራቸው። ሁሉም ነገር ግን አልታረቀም። በአያቶች ስም ፊት መስገድ ለሙስሊም አይሆንም፤ ግንባር መሬት የሚነካው ለአላህ ብቻ ነው።

አንድ ጁምዓ ከሰላት በኋላ አንድ ሁዊ ሽማግሌ የአባቴን ስም ጠየቁኝ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ ስሙን በቻይንኛ ቅላጼ ሰባበሩት፤ ግን አልሳቱትም። እናቴ ዒዳዋን ገና አልጨረሰችም ነበር። ማታ ደውዬ ስነግራት፣ «የእሳቸውንም እናት አባት አላህ ይማርላቸው» አለችኝ።