መጨረሻውን ሳትነግሩ አስነብቡ

ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍን ለሰው መጠቆም ቀላል ሥራ አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አብዛኞቻችን ሰብለና በዛብህ ምን እንደሚገጥማቸው በሬዲዮ ትረካም በሰው ወሬም ቀድመን ሰምተን ነው ያነበብነው፤ ያም ሆኖ አለቀስን። ገዳዩ ማን እንደሆነ ወይም ሰላዩ ለማን እንደሚሠራ ቀድሞ የነገረን ሰው ግን መጽሐፉን ከእጃችን ቀምቶናል። ስለዚህ የወንጀልና የስለላ ልብ ወለድ የሚወድ ሰው ሌላውን ሊያስነብብ ሲፈልግ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚደብቀውንም መምረጥ አለበት።

ባሕር ዳር ላይ ይህን ከማንም በላይ የሚችሉበት መጽሐፍ አዟሪዎቹ ናቸው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ጣና ዳር ቡና ይዞ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃቸዋል። መጻሕፍቱን በአንድ ክንዳቸው ከወገብ እስከ አገጭ ደርድረው፣ ርእሱ እንዲነበብ ጀርባውን ወደ ውጭ አዙረው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ። አንዱ ልጅ በቅርቡ ከክምሩ መሐል አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ሳብ አድርጎ አወጣና «ጋሼ፣ ይቺን ዛሬ ማታ እንዳይጀምሯት» አለኝ።

«ለምን?»

«ነገ ሥራ ካለብዎት ይቸገራሉ።»

ስለ ምን እንደሆነች ጠየቅኩት። «እሱን ከነገርኩዎት ምን ሊያነቡ ነው?» ብሎ ሳቀ። ገዛኋት። በማግስቱ እዚያው ሲያገኘኝ ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳይጨርስ «ድልድዩ ጋ ደረሱ?» አለ። አልደረስኩም ነበር። «በቃ፣ ሲደርሱ እናወራለን» ብሎኝ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ። ድልድዩ ጋ ስደርስ አብሮኝ የሚደነግጥ ሰው እንዳለ ማወቄ ብቻ ያን ዕለት ማታ መብራት አላስጠፋኝም።

በአገራችን ይህን መሰሉ የሰው ለሰው ጥቆማ ትልቁን ሥራ የሠራው ማስታወቂያ በማይታሰብበት ዘመን ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ስለዚያ መጽሐፍ ጮክ ብሎ ማውራት በማይቻልበት ጊዜ የተረፉት ቅጂዎች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ማን እንዳለው የሚያውቅ ለሚያምነው ሰው ብቻ በጆሮው ይነግረው ነበር። አስመራ፣ ቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ፍቅርና ስለላ የተቆላለፉበት ያ ታሪክ ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ። ካሳተሙት አንዱ የአሜሪካው ሶሆ ፕሬስ ሲሆን በወንጀልና በምርመራ ልብ ወለዶቹ የታወቀ ቤት ነው። ከባሕር ማዶ እስኪደርስ ድረስ በሕይወት ያቆዩት እነዚያ በሹክሹክታ የተነጋገሩ አንባቢዎች ይመስሉኛል። ስማቸውን የመዘገበላቸው የለም።

ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች ደግሞ «ዴርቶጋዳ» አለ። የይስማዕከ ወርቁ ልብ ወለድ በ2002 ዓ.ም. ሲወጣ የሐይቁን ገዳማት ከሳይንስና ከዘመናዊ ስለላ ጋር አስተሳስሮ መጣ፤ ደጋግሞም ታተመ። በየቀኑ የምናየው ውኃ በልብ ወለድ ውስጥ ምሥጢር ተሸክሞ ሲገኝ የሚሰጠው ስሜት ልዩ ነው። ከዚያ በኋላ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ የሚሻገር ወጣት ሁሉ የሚያየውን ገዳም በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። ስማርት ስልክ በየኪሱ ባልገባበት በዚያ ጊዜ መጽሐፉ ከተማሪ ማደሪያ ወደ ተማሪ ማደሪያ የተዛመተው «አንብበኸዋል? እንዳትነግረኝ፣ ገና ነኝ» በሚል ወሬ ነው።

አሁን ያ ወሬ ወደ ቴሌግራምና ወደ ፌስቡክ ተዛውሯል። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ደግሞ ደራስያኑ ራሳቸው ሲገቡበት ማየት ነው። የራሱን መጽሐፍ ገና ሸጦ ያልጨረሰ ደራሲ የሌላውን ሽፋን ለጥፎ «ትናንት ይህ ሰው እንቅልፍ ነሳኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ምርቃቱ የትና መቼ እንደሆነ ያስታውሳል፤ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ትንፋሹ እንደተያዘ ይነግረንና እዚያው ላይ ያቆማል። እነዚህ ሰዎች ያኮሩኛል።

ነገሩ ተራ መሞጋገስ የሚመስለው ካለ እስቲ በገንዘቡ በኩል ይየው። አብዛኛው ደራሲያችን ከኪሱ ወይም በብድር ጥቂት ሺህ ቅጂ ያሳትማል። የወረቀት ዋጋ በየጊዜው ይንራል፣ መጽሐፍ መደብሩም የራሱን ኮሚሽን ያነሳል፤ ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚተርፍ ሳንቲም የለም። ሐያስያን አብዛኛውን ጊዜ ልብ አንጠልጣይ የሚባለውን ሁሉ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብለው ያልፉታል። በትርጉም ሲድኒ ሼልደን እያነበበ ያደገ ትውልድ ያለበት አገር ውስጥ ይህ ንቀት ከምን እንደመጣ ባሰብኩት ቁጥር ያናድደኛል።

አንባቢው ግን አለ፤ ያውም ራበኝ የሚል አንባቢ። አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ይዞ ከተቀመጠ አላስቀምጥ ይለዋል፣ በሁለት ሌሊት ይጨርሰዋል፣ በሦስተኛው ቀን «ሌላስ?» ይላል። ደራሲው የሚቀጥለውን ለመጻፍ ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። እስከዚያ ያ ሰው ምን ያንብብ? የሙያ ጓደኛውን መጽሐፍ ያልጠቆመ ደራሲ አንባቢውን ለራሱ ያስቀረ ይመስለዋል። አንባቢው ግን ስልኩን ከፍቶ ወደ ተከታታይ ፊልም ይሄዳል፤ ከዚያ መልሶ ማምጣት ደግሞ ከባድ ነው።

እንግሊዞቹ ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1930 ለንደን ላይ ዲቴክሽን ክለብ የሚባል የወንጀል ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር መሠረቱ። ቼስተርተን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበር፤ አጋታ ክሪስቲና ዶሮቲ ሴየርስም አባላት ነበሩ። እየተሰበሰቡ ራት ይበላሉ፣ እንቆቅልሹን ሲፈቱ አንባቢን ላለማጭበርበር ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ፤ በ1931 ደግሞ ምዕራፍ ምዕራፉን ተከፋፍለው አንድ ልብ ወለድ በጋራ ጻፉ። አንዱ የጀመረውን ወንጀል ሌላው ተረክቦ ይቀጥል ነበር። በአንድ ገበያ የሚሸጡ ሰዎች እንዲህ ማድረጋቸው ያስገርመኛል፤ ለባሕር ዳር ወጣት ጸሐፊዎችም አጥብቄ እመኝላቸዋለሁ።

ጓደኝነቱ ግን የሚጸናው እውነት ሲኖርበት ነው። ያልተነበበ መጽሐፍ «ድንቅ ሥራ» ተብሎ ሲለጠፍ አንባቢ ያውቃል፤ አንድ ጊዜ ብሩን አውጥቶ ከተታለለ ሁለተኛ ያንን ሰው አይሰማም። ሳይወዱት ከመጻፍ ዝም ማለት ይሻላል። የመጽሐፉን ፒዲኤፍ በቴሌግራም እየበተኑ «እያስተዋወቅኩለት ነው» ማለት ደግሞ የሰውየውን ላብ መስረቅ ነው። እንዲህ የሚያደርጉትን ወዳጆቼን ፊት ለፊት ተናግሬያቸዋለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ይህ ሁሉ ጥቆማ አብሮ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። አልጠፋም። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችን ደውለው የአዲስ መጽሐፍ ስም ያስመዘግቡን ነበር። አንዷ ወዳጄ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በስልክ አንብባልኝ፣ ሬሳው ሲገኝ «ሂሳቤ አለቀ» ብላ ዘጋችው። ሂሳቧ አለማለቁን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። መንገድ ሲከፈት መጽሐፉ በአውቶቡስ መጣልኝ፤ እኔም ለሦስት ሰው አዋስኩት።

ልብ አንጠልጣይ የምትጽፉ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ ሳምንት የአንድ በሕይወት ያለ ባልደረባችሁን መጽሐፍ ጥቀሱ። ካነበባችሁት ብቻ። ዋጋውን፣ የሚሸጥበትን ቦታ፣ የት ላይ እንደያዛችሁ ጻፉ። ያዟሪዎቹንም ነገር አደራ፤ ከእነሱ ግዙ።

እኔ በሕይወት ከሌሉት ልጀምር፣ ባለውለታ ናቸውና። የዋጉ ተወላጅ ማሞ ውድነህ የደራስያን ማኅበርን የመሩ ሰው ነበሩ፤ የአማርኛን አንባቢ ከዓለም የስለላ ታሪክ ጋር በማስተዋወቅ የሚስተካከላቸው የለም። ከመጻሕፍታቸው «ሰላዩ ሬሳ»ን ፈልጉ፤ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ጋ አይጠፋም። ሬሳ እንዴት እንደሚሰልል እኔ አልነግራችሁም፤ ያነበባችሁትም እዚህ ሥር እንዳትጽፉት። ከእሱ ቀጥሎ ምን ላንብብ የሚለውን ግን ጻፉልኝ።