ድንጋይ ነው ወይስ ቅሪተ አካል?

ቅሪተ አካል መለየት መማር ከጀመርኩ ወዲህ ዓይኔ ከመሬት አይነሳም። መጀመሪያ የተማርኩት ቅርጽ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ነው። ክብ ስለሆነ እንቁላል፣ ረዘም ስላለ አጥንት አይባልም፤ ውሃና ነፋስ ድንጋይን በብዙ መልክ ይቀርጹታል። ድንጋይ ላይ ቅጠል መስሎ የሚታየው ጥቁር ሐረግም ብዙ ጊዜ በስንጥቅ ውስጥ የሰረገ የማንጋኒዝ ማዕድን እንጂ ተክል አይደለም።

አሁን ቀድሜ የምፈልገው የተደጋገመ ሥርዓት ነው፦ እኩል የተደረደሩ የዛጎል መስመሮች፣ በአጥንት ስብራት ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች። ቀጥሎ የአለቱን ዓይነት አያለሁ። ከቀለጠ ላቫ በተሠራ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ቅሪተ አካል ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው። በመቀሌ ዙሪያ ያለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ግን በጁራሲክ ዘመን ከባሕር ሥር የተሠራ ስለሆነ ዛጎሎችን ይዟል። ሉሲም በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ወንዝና ሐይቅ ደለል ባስቀመጡበት ምድር ነው።

ወዳጆቼ፣ ቅሪተ አካል የሚመስል ነገር ካገኛችሁ አታንሱት፣ አትስበሩት። ባለበት ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ለቅርስ ባለሙያዎች አሳውቁ። ከቦታው የተነቀለ ቅሪተ አካል ዕድሜውን የሚናገርለትን ምስክር ያጣል።