ፕሪንተሩ ፊደል ይቁጠር

ልጄ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከከፈተች ሦስት ዓመት አልፏታል። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ረፋዱን እዚያው ነኝ፤ ከገበያ የመጣውን ዕቃ እረከባለሁ፣ ሒሳብ አያለሁ። እስከ አምና ድረስ ትእዛዝ ወደ ወጥ ቤት የሚገባው በጩኸት ነበር። አስተናጋጁ በመስኮቷ አንገቱን አስገብቶ «አንድ የጾም በያይነት፣ ሁለት ጥብስ፣ አንዱ ለብለብ!» ይላል፤ ከውስጥ «እሺ!» ይመጣል። ቀን ሰባት ሰዓት ላይ አምስት አስተናጋጅ አንድ ላይ ሲጮህ ግን «እሺ» የተባለው ለማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ይብሳል። የአንድ ቤት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው አያት የጾም ሽሮ ያዝዛሉ፤ ሕፃናቱ እንቁላል ይፈልጋሉ፤ አንዱ ጎረምሳ ጥብስ ይላል። ሽሮ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። በዘይት የተሠራውና ቅቤ የገባበት በዕቃ ተከድነው ሲቀመጡ በዓይን አይለዩም። ለጿሚ ቅቤ ያለበትን ማቅረብ ሒሳቡን በመተው የሚካስ ጥፋት አይደለም። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀናት ሙሉ ልጄ በዚህ ሥጋት እንቅልፍ ሲያጣት አይቻለሁ።

ስለዚህ አራት ትንንሽ ፕሪንተሮች ገዛች። አንዱ ለጾም ምድጃ፣ አንዱ ለፍስክ፣ አንዱ ለቁርስና ለጁስ፤ አራተኛው በፌስታል ለሚሄደው ምግብና ፍሪጅ ለሚገባው ዕቃ ስቲከር የሚያወጣ ነው። አስተናጋጁ ትእዛዙን በስልኩ ይመዘግባል፤ ሥርዓቱ ይከፋፍለውና ለየምድጃው የየድርሻውን ይልካል። በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ የጠረጴዛው ቁጥርና ሌላው ምድጃ ለዚያው ጠረጴዛ የሚሠራው ምግብ ይጻፋል። እንዲህ ካልሆነ የአያት ሽሮ ቀድሞ ይወጣና የልጆቹ እንቁላል እስኪደርስ ይቀዘቅዛል። አንድ ነገር ግን ደንበኛ ይወቅ፤ ይህ የወጥ ቤት ወረቀት ደረሰኝ አይደለም። ደረሰኝ የሚቆረጠው ከገንዘብ ተቀባዩ መመዝገቢያ መሣሪያ ነው።

ዕቃውን የሸጠው ድርጅት ባለሙያ በግማሽ ቀን ገጣጥሞ ሄደ። በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የአቮካዶ ጁስ ትእዛዝ ከፍስክ ምድጃ ላይ ይወጣ ጀመር። ምክንያቱ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ፕሪንተር በኔትወርኩ ላይ እንደ ቤት ቁጥር ያለ አድራሻ አለው። አድራሻውን ራውተሩ እንዲያድል ከተተወ መብራት በሄደ ቁጥር አዲስ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ ትእዛዙ የጎረቤት በር ያንኳኳል። ከአስተናጋጆቹ አንዱ ማታ ማታ ኮምፒዩተር ይማራል። እሱ ለአራቱም ቋሚ አድራሻ ሰጣቸው፤ ብረትና ግድግዳ የሚያዳክመውን ዋይፋይ ትቶ በገመድ አገናኛቸው፤ ለራውተሩና ለፕሪንተሮቹም መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ ተደረገ። አሁን በየጠዋቱ በሩ ሳይከፈት አራቱንም የሚነካ አንድ የሙከራ ትእዛዝ ይላካል። ወረቀቱን ከምድጃ ማራቅንም ተማርን። እነዚህ ፕሪንተሮች ቀለም የላቸውም፤ የሚያትሙት ሙቀት ሲነካው በሚጠቁር ወረቀት ላይ ነው። እሳት አጠገብ የተንጠለጠለ ትእዛዝ ሳይነበብ ይጠቁራል።

ይህ ሁሉ በገመድና በትዕግሥት ተስተካከለ። የከበደው ሌላው ነበር።

የጾሙን ምድጃ የያዙት ወጣቶቹ ሁሉ «ማዘር» የሚሏቸው ሴት ናቸው። ቤቱ ሲከፈት ጀምሮ አሉ፤ ሰው ከቤተል ድረስ የሚመጣው ለእሳቸው ሽሮ ነው። ከደመወዛቸው የልጅ ልጃቸውን ያስተምራሉ። ከፕሪንተሩ የሚወጣው ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ ነበር፤ እሱም የምግቡ ስም እንዳይረዝም ተቆርጦ ሁለትና ሦስት ፊደል ብቻ ቀርቶት። ማዘር ወረቀቱን አቅርበውም አርቀውም ያዩና አጠገባቸው ያለችውን ልጅ ይጠይቃሉ። ልጅቷ ሥራ ከያዘች ወረቀቱ ይጠብቃል።

አንድ ቀን ልጄ «እማዬ፣ ማዘርን ወደ ቡናው ላዞራቸው ነው» አለችኝ። «እንግሊዝኛ የምታነብ ልጅ ላስገባ። ምን ላድርግ? ሰው እየጠበቀ ነው።» ክፋት አልነበረባትም፤ የቤት ኪራይ አለባት፣ የሠራተኛ ደመወዝ አለባት። የቡናው ክፍያ ግን ከወጥ ቤቱ ያንሳል።

ማዘር ወሬውን ከእኛ ቀድመው ሰምተውት ኖሯል። ወደ እኔ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ መሃይም አይደለሁም» አሉኝ። «በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ። አማርኛ ቢሆን አነበው ነበር።»

የእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ሰዎችን ከፊደል አገናኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት ያገኘም ነበር። በዚያ ዘመን ልጅ ሆነው ማታ ማታ የተማሩት ሀሁ ለማዘር የዕድሜ ልክ ኩራታቸው ነው። ያንን ኩራት ከእጃቸው ሊወስድ የመጣው የአንድ ክንድ እንኳ ቁመት የሌለው ፕሪንተር ነበር።

ልጄን የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማዘርን ከማዛወርሽ በፊት ወረቀቱን መቀየር ይቻል እንደሆነ ተጠየቀ ወይ?»

አልተጠየቀም። ሲጠየቅ ሻጩ «ዕቃው አማርኛ አያውቅም» አለ። ውሸት አልነበረም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስልኮቻችንም አማርኛ የሚጽፉት በዚያ ነው። በወጥ ቤት ፕሪንተሮች ሆድ ውስጥ የተሞሉት ፊደላት ግን አብዛኛውን ጊዜ የላቲንና የሌሎች ናቸው። አማርኛ ሲላክላቸው የጥያቄ ምልክት ይደረድራሉ። ያ ኮምፒዩተር የሚማረው ልጅ መፍትሔውን አገኘ። ጽሑፉ በጽሑፍነቱ ቀርቶ እንደ ሥዕል ይላካል፤ ፕሪንተሩ ፎቶ የሚያትም ይመስለዋል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይዘገያል፤ ከጥያቄና መልሱ ግን እጅግ ይፈጥናል። ፊደሉንም አተለቁት፤ ማዘር ያለ መነጽር አነበቡት። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን ትእዛዝ ጮክ ብለው ሲያነቡ ወጥ ቤቱ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ሆኖ ዋለ።

የስቲከሩ ነገር ደግሞ ከኩራትም በላይ ለጤና የሚያሠጋ ሆኖ ተገኘ። ፕሪንተሩ የሚያወጣው የፈረንጅ ሰዓት ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት የተቀቀለ ምስር ላይ 8:00 ብሎ ይጽፋል። ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ የሚያየው ሰው ምስሩ 8 ሰዓት ላይ የተሠራ፣ ገና አንድ ሰዓት የሆነው ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሰባት ሰዓት አልፎታል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ያለ ፍሪጅ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ፍሪጁም ከ5 ዲግሪ በታች እንዲሆን፣ ምግቡ እንደገና ሲሞቅ ውስጡ ድረስ ከ70 ዲግሪ በላይ እንዲደርስ ይመክራል። ይህ ምክር የሚጠቅመው ግን ምግቡ መቼ እንደተሠራ በትክክል ሲታወቅ ነው። ዛሬ ስቲከሩ «የጾም ቁሌት፣ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት» ይላል። ወርና ዓመት አያስፈልገውም፤ እዚያ ድረስ የሚቆይ ወጥ የለንም።

ይህን ወደ ቤቴም ወስጄዋለሁ። በፕላስተር ቁራጭ ላይ የወጡን ስምና ቀኑን በእስክሪብቶ እጽፍና ክዳኑ ላይ እለጥፋለሁ፤ ከረጠበ በኋላ ስለማይይዝ ዕቃው ፍሪጅ ሳይገባ ነው። የልጅ ልጆቼ ምሳ ዕቃቸውን ሲሞሉ የትናንቱን ከሦስት ቀኑ ለይተው ያነሳሉ። ለዚህ ፕሪንተር አያስፈልግም።

ማዘር አሁንም በጾሙ ምድጃ ላይ ናቸው። ሁሉም ነገር አልተቃናም፤ ወረቀት ሲያልቅ አስተናጋጆቹ እንደ ድሮው ይጮኻሉ፣ ማዘርም እሳቸው ያላነበቡትን አልሠራም ይላሉ። ልጄም አንዳንድ ቀን ትበሳጫለች።

ልጆቻችን ዘመናዊ ዕቃ ሲያመጡልን ማመስገን ተገቢ ነው። ስልኩ፣ የስኳር መለኪያው፣ የመድኃኒቱ ማሸጊያ የሚለው ካልገባን ግን «ለእኔ በሚነበብ አድርጉልኝ» ማለት አያሳፍርም። እናንተም ልጆች፣ ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ አልቻሉም ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ዕቃውን አንዴ ጠይቁት። አንዳንዴ መማር የቀረው እሱ ነው።