ሦስት ነጥብ

እሑድ ማታ ነው። ማሪዬታ ውስጥ፣ ከኮብ ፓርክዌይ ብዙም በማይርቅ አፓርታማ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ሲኒና አንድ ጀበና ተቀምጠዋል። አባት ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ደብረ ማርቆስ አማርኛ ያስተምር ነበር፤ አሜሪካ ከገባ ወዲህ ሌሊት ሌሊት መኪና ይነዳል። ልጁ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ ናት። የምትማረውም እዚያው ማሪዬታ ባለው የኬነሶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ሳውዘርን ፖሊቴክኒክ የሚባል ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ በነበረው። ዛሬ ግን ጃቫ ልማር ብሎ የተቀመጠው አባት ነው፤ አራሚዋ እሷ ናት።

መልመጃውን የመረጠው ራሱ ነው፤ የሰው ሙሉ ስም የሚጠራ ሜተድ። ጃቫ ለሜተዶች በፊደላችን ስም ማውጣት ይፈቅዳል፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆይቷል። ስለዚህ ሜተዱን «ጥራ» አለው። በቅንፉ ውስጥ ሦስት ነገር እንዲቀበል አደረገ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሦስት ሲሰጡት ይጠራል። ሁለት ሲሰጡት ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ እምቢ ይላል። አራት ሲሰጡትም እንዲሁ።

«ለምን ሦስት አደረግከው?» አለችው።

«ቅጽ ሁሉ ሦስት ነው፤ ፈርስት፣ ሚድል፣ ላስት» አላት።

ሁለቱም ትንሽ ዝም አሉ። ልጅቱ የተወለደች ጊዜ የተሞላው ቅጽም ሦስት ሳጥን ነበረው። የመጀመሪያው ላይ የእሷ ስም ገባ። መካከለኛው ባዶ ቀረ። የመጨረሻው ላይ የአባትየው «ላስት ኔም» ተጻፈ፤ ያ ደግሞ የእሱ አባት ስም ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ እሷ የአያቷ ልጅ ሆና ቀረች። በመሃል የነበረው ሰውዬ፣ ሌሊት እየነዳ የሚያስተምራት፣ ስሟ ውስጥ የለም። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ ሳጥኑ የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። እሱም ስለዚህ ነገር አንስቶ አያውቅም።

«ለእያንዳንዱ ቁጥር የተለየ ሜተድ መጻፍ ትችላለህ፣ አባዬ» አለችው። «ስማቸው አንድ ይሁን፤ አንዱ ሁለት ይቀበል፣ አንዱ ሦስት፣ አንዱ አራት። ስትጠራው ኮምፓይለሩ የሚስማማውን ይመርጣል። ኦቨርሎዲንግ ይባላል።»

«እስከ ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሰው ስንት ጊዜ ልጽፍ ነው?» ብሎ ሳቀ። በሀገሩ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች በሁለቱም ወገን ሰባት ትውልድ ይቆጥራሉ፤ ዝምድና እንዳይኖር። የሰው ስም በሦስት አያልቅም፤ ቆጣሪው እስካወቀ ድረስ ይቀጥላል።

ያኔ አሬይን አሳየችው። አሬይ አንድ ዓይነት ነገሮች በተራ የሚቀመጡበት ድርድር ነው። ሲፈጠር ርዝመቱ ይወሰናል፤ በኋላ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ለሜተድ ሲተላለፍ ግን አምስት ይያዝ አምሳ፣ እንደ አንድ ነገር ነው የሚሰጠው፤ ተቀባዩ ርዝመቱን ራሱን አሬዩን ይጠይቃል። ቁጥሩ የሚጀምረው ከዜሮ መሆኑ ብዙ ተማሪ ያናድዳል፤ እሱን ግን ደስ አሰኘው። ዜሮ ላይ ባለቤቱ፣ አንድ ላይ አባቱ፣ ሁለት ላይ አያቱ። ቁጥሩ ራሱ ስንት ትውልድ ወደ ላይ እንደሆነ ይናገራል። የራሱንና የሚያውቃቸውን አራት አባቶች ስም አስገባ። «ጥራ» አምስቱንም በተራ ጠራ።

ችግሩ የመጣው የመምህርነት አመሉ ሲነሳበት ነው። «መዝግብ» የሚል ሌላ ሜተድ ጻፈ፤ የተሰጠውን አሬይ እንደ ክፍል ስም ዝርዝር በሀ ሁ ተራ አስተካክሎ የሚያወጣ። መጀመሪያ «መዝግብ»ን፣ ቀጥሎ «ጥራ»ን አስነሳ። በ«መ» የሚጀምረው ቅድመ አያቱ ዜሮ ላይ ተቀምጦ ልጅ ሆነ። በ«ዘ» የሚጀምረው የራሱ ስም መጨረሻ ሄዶ የሁሉ አባት ሆነ።

«እኔ እኮ ለ‹መዝግብ› ሰጠሁት እንጂ ያኛውን አልነካሁም!»

ልጅቱ በመስኮቱ በኩል ወደ ኮብ ፓርክዌይ ጠቆመች። ማሪዬታ ውስጥ አቅጣጫ የሚነገረው በትልቁ ዶሮ ነው። ቢግ ቺክን ይሉታል፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ 56 ጫማ ቁመት ያለው፣ ዓይኑን የሚያንከባልል፣ የኬንታኪ ዶሮ መሸጫ ምልክት። «ለእንግዳ ‹ዶሮው ጋ ስትደርስ ታጠፍ› ስትለው ቤቱን አልሰጠኸውም፤ መንገዱን ነው የሰጠኸው። እንግዳው ግን ገብቶ ሶፋውን ቢያዟዙር የዞረው ያንተ ሶፋ ነው። አሬይም እንደዚያ ነው። ሜተዱ የሚደርሰው የአድራሻው ግልባጭ ነው፤ አድራሻው የሚያደርሰው ግን ወደዚያው ወደ አንዱ አሬይ ነው።»

መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ «መዝግብ» መጀመሪያ አሬዩን ይገልብጥ፣ ከዚያ ግልባጩን ያስተካክል። መዝገብ የራሱን ተራ ያውጣ፤ የትውልዱ ተራ እንዳለ ይቀመጥ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሦስቱ ነጥቦች የመጡት። ጃቫ ይህን ያገኘው በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛ እትሙ ነው። በሜተዱ ቅንፍ ውስጥ ከዓይነቱ ቀጥሎ ሦስት ነጥብ ይደረጋል፤ «ስትሪንግ... ስሞች» እንደማለት። ከዚያ ወዲያ ጠሪው ስሞቹን በነጠላ ሰረዝ እየለየ የፈለገውን ያህል ይደረድራል፤ ኮምፓይለሩ ከጀርባ ሰብስቦ አሬይ ያደርጋቸዋል። ሕጉ ሁለት ነው። በአንድ ሜተድ ከአንድ በላይ አይፈቀድም፤ ቦታውም መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ አለዚያ የት እንደሚያበቃ አይታወቅም። ዝግጁ አሬይ ለሰጠውም እምቢ አይልም። ግን ያን ጊዜ አዲስ አይሠራም፤ ያንኑ የተሰጠውን ይዞ ይገባል። ስለዚህ የሶፋው ነገር እዚህም አይረሳም።

አባት «ጥራ»ን በሦስት ነጥብ ጻፈው። በአንድ ስም ሞከረው፣ በሁለት፣ በአምስት። ሁሉንም ጠራ።

«ምንም ሳትሰጠውስ?» አለችው።

ቅንፉን ባዶ አድርጎ አስነሳው። ፕሮግራሙ አልተቆጣም። ምንም አልጠራም፤ በሰላም ጨረሰ።

«ባዶ ነው እንጂ ኑል አይደለም» አለች። «ኑል ማለት አሬዩ ራሱ የለም ማለት ነው፤ ርዝመቱን ብትጠይቅ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ይሄ ግን አለ፤ ርዝመቱ ዜሮ ነው። የሚጠራ ሰው ብቻ ነው የጠፋው።»

አባት ሲኒውን አስቀመጠ። የሦስቱ ሳጥኖች ቅጽ ክፉ ነው፤ ከሦስት በላይ ያለውን ይቆርጣል፤ መሃል ያለውን ይዘልላል። ነገር ግን አንዱ ሲጎድል ይጮሃል። ሦስቱ ነጥቦች ለማንም በራቸው ክፍት ነው፤ ሰባት ቢመጣ ይቀበላሉ፣ ማንም ባይመጣም አይጠይቁም። ስንት እንደጎደለ የሚያውቀው ጠሪው ብቻ ነው። ነፃነቱን የሰጡት ከነኃላፊነቱ ነው።

«እስቲ የእኔን እንጻፍ» አለች ልጁ። «እስከ ሰባት።»

አምስት ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ አያውቅም። አባቱ ነግሮት ነበር፤ በልጅነቱ ሰምቶ በልጅነቱ የተወው ነገር ነው። ማሪዬታ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ሊነጋጋ አሥራ አንድ ሰዓት። አክስቱ ለጸሎት ተነስተው ይሆናል ብሎ ደወለ።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ በሌሊት...»

«ምነው፣ ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን። የአባቶቻችንን ስም ፈልጌ ነው። አምስት ላይ ጠፋኝ።»

አክስት ትንሽ ሳል አሉና ጠየቁ፤ «የዓለም ስማቸውን ነው ወይስ የክርስትናቸውን?»

አባትና ልጅ ተያዩ። ይህንን መልመጃው ውስጥ አላሰቡትም ነበር። የዓለም ስማቸውን ተቀበሉ፤ ሁለት ስም፣ አንዱን ሁለቴ አስደግመው። ከዚያ አክስት በተራቸው «ለማን ነው?» አሉ።

«ለልጄ።»

«በል እንግዲያው ስልኩን ለእሷ ስጣት» አሉ፤ ስሞቹንም ከራሷ ጀምረው እስከ ላይ አንድ በአንድ አስቆጠሯት። እሷም እየተከተለች ጻፈች። የራሷ ስም ዜሮ ላይ ሲገባ አባቷ ከዜሮ ወደ አንድ ተሻገረ፤ ሌሎቹም ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ስምንት ስም ሆነ። ሜተዱ ላይ አንድ ፊደል አልተለወጠም።

አስነሳችው። ስሞቹ በየመስመሩ ወጡ። ከስሟ ቀጥሎ ያለው የአባቷ ስም ነበር።