በባሕር ማዶ የታየ ቴአትርና የነገሌ ቦረና ተመልካች

ለትምህርት ባሕር ማዶ ተሻግሮ የተመለሰ የቴአትር ሰው ከሁሉ አብልጦ የወደደው ትርኢት የትኛው እንደ ነበረ ለማወቅ እሱኑ መጠየቅ የግድ አይደለም። ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው የአዳራሹን ግርማ፣ የመብራቱን ብዛትና የመጋረጃውን ከፋይ ነው። እውነተኛው መልስ አገሩ ገብቶ በሠራው ሥራ ውስጥ ይገኛል፤ የወደደውን ትርኢት ከሻንጣው አውጥቶ በሌላ አፈር ላይ ሊያቆመው መሞከሩ አይቀርምና። የሙከራው ፈተና ደግሞ በአዲስ አበባ አይደለም። አዲስ አበባ አዳራሽ አላት፤ ወንበር አላት፤ ትኬት ቆራጭ አላት። ፈተናው ያለው ከዋና ከተማው ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከክብረ መንግሥት በዋደራ በኩል ወደ ቆላው ሲወረድ በምትገኘው በነገሌ ቦረና፣ ከእርሷም ወዲያና ወዲህ ባሉት በፊልቱ፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ ነው።

የመጀመሪያውን ሻንጣ የፈቱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተሻግረው በፒተርስቡርግ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተማሩ። ሙያቸው መድፍ ነበር፤ ቴአትርን ያወቁት እንደ ማንኛውም ተማሪ ከተመልካች ወንበር ላይ ሆነው ነው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1910ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ፣ በአዲስ አበባ ቴአትር አለ ተብለው ቢጠሩ ያዩት ዘፈን፣ ጭፈራና ቀልድ ብቻ ሆነባቸው። ቴአትር ማለት ይህ እንዳልሆነ ለማሳየት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። ፒተርስቡርግን የመሰለ ከተማ ካየ ሰው የሚጠበቀው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት የተጻፈ ከባድ ድራማ ነበር። እሳቸው ግን ከፈረንሳዊው ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው አራዊትን አናገሩ። አራዊቱ የተናገሩትም በሚገባ ተሰማ፤ ቤተ መንግሥቱ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሱን ስላየ ንግሥት ዘውዲቱ ተውኔቱን አገዱት። ለአንድ ተውኔት ከዚህ የበለጠ ጭብጨባ ማግኘት ያስቸግራል። ጅብና ቀበሮ የሚሟገቱበት ተረት ከብት አርቢው ሕዝብ በየማታው ከእሳት ዳር የሚሰማው ነውና፣ ፋቡላ በዚያ ጊዜ ወደ ቆላው ለመውረድ ቢፈቀድለት ኖሮ ማብራሪያ ባላስፈለገውም ነበር።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1952 ዓ.ም. ገደማ ለንደንና ፓሪስ ሲደርሱ ተመልካች ብቻ አልነበሩም። በዩኔስኮ ድጋፍ የመድረክን ሥራ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ሊመለከቱ ነው የሄዱት። በፓሪስ የጎበኙት ኮሜዲ ፍራንሴዝ እ.ኤ.አ. በ1680 የተመሠረተ፣ «የሞሊየር ቤት» እየተባለ የሚጠራ ቴአትር ነው። ሞሊየር በመጨረሻው ትርኢቱ ላይ የተቀመጠበት ወንበር እንደ ንዋየ ቅድሳት በዚያ ይጠበቃል። በፈረንሳይ መድረክ የቆየ ልማድ መጋረጃው ሊከፈት ሲል ወለሉ በዱላ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ሕዝቡም ጸጥ ይላል። የለንደኑ ሮያል ኮርት በአንጻሩ አነስተኛ ቤት ነው። በዚያ ዘመን አንዳንድ እሑድ ማታ አዳዲስ ተውኔቶችን ያለ መድረክ ጌጥ ያሳይ ነበር፤ ናይጄሪያዊው ወሌ ሾይንካም እ.ኤ.አ. በ1959 የራሱን ሥራ ያቀረበው በዚሁ መንገድ ነው።

ከሁለቱ ቤቶች የትኛው ይበልጥ እንደ ማረካቸው ሥራቸው ይናገራል። ከፓሪስ የመጣው ስም አለው፤ ሞሊየር ነው፤ በአማርኛ «የፌዝ ዶክተር» ሆኖ ሕዝብ ስቆበታል። ከለንደን የመጣው ስም የለውም። አንድ ሰው በባዶ ወለል ላይ ቆሞ በቃል ብቻ አገር ሊያቆም ይችላል የሚል እምነት ነው። የጸጋዬን ተውኔት አይቶ የወጣ ሰው የሚያስታውሰው ድምፁን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ይህ ዓይነቱ ቴአትር በጭነት መኪና ላይ ቦታ አይፈጅም። ከዚህ ጋር አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። በ1957 ዓ.ም. ያሳተሙት ትልቁ የኦዳ ዛፍ ተውኔታቸው፣ «ኦዳ ኦክ ኦራክል»፣ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በኦሮሞ አገር ኦዳ ጥላም ሸንጎም ነው። በጥላው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ግን ስለ ዛፋቸው የተጻፈውን በዚያ ቋንቋ ሊያነቡት አይችሉም ነበር።

መንግሥቱ ለማም ለንደን ተምረዋል፤ የተማሩት ግን በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤቱ ነው። ትምህርት ቤቱን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ በርናርድ ሾው ነበሩ። ሾው በጥቅምት ወር 1943 ዓ.ም. ሲሞቱ መንግሥቱ ገና ተማሪ ነበሩ። ሳቅ የክርክር መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ማወቃቸው በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ» ላይ ጎልቶ ይታያል። ለቆላ ከተሞች ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው የፕሪስትሊን ሥራ ወደ አማርኛ የመለሱበት «ጠያቂ» ነው። ይህ ተውኔት ዛሬ የእንግሊዝ መድረክ ኩራት ቢሆንም መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1945 በሶቪየት ኅብረት ነው፤ ለንደን የደረሰው በዓመቱ ነው። አንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሳለ ያልታወቀ መርማሪ ይመጣና ስለ ሞተች አንዲት ድሃ ልጅ እያንዳንዳቸውን ይጠይቃቸዋል። የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበር፣ አንድ በር ነው። የነገሌ ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ከመምህራን ክፍል ሊያወጣው ይችላል።

ቡዳፔስት ከተማሩት አንዱ ወጋየሁ ንጋቱ ናቸው። ቋንቋውን ገና ሳያውቅ በባዕድ ከተማ ቴአትር ቤት የተቀመጠ ተማሪ ታሪኩን ከቃሉ ሊከተል አይችልም፤ የሚከተለው ከድምፁ መውጣትና መውረድ፣ ከዝምታው ርዝመት፣ ከትንፋሹ ነው። ወጋየሁ ከዚያ መቀመጫ ይዘውት የተመለሱት ይህን ሳይሆን አይቀርም። በ1970ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርኩ፣ ፊታውራሪ መሸሻም፣ ጉዱ ካሣም፣ ሰብለ ወንጌልም ከአንድ ጉሮሮ ወጡ። መጋረጃ የሌለው ይህ ቴአትር ጠጠር ባልለበሰ መንገድ ሁሉ ሄዷል። የሻይ ቤት ትራንዚስተር ባለበት ቆላ ከተማ መምህሩ፣ ወታደሩና ነጋዴው ብርጭቆውን ይዞ ጸጥ የሚልበት ሰዓት ነበረው። ከብቱን ሽጦ በደጅ የሚያልፈው ቦረና ግን አማርኛውን ላይሰማው ይችላል። ቆም ብሎ ቢያዳምጥ የሚከተለው ድምፁን፣ ዝምታውንና ትንፋሹን ብቻ ነው፤ ወጋየሁ በቡዳፔስት እንደ ተቀመጡት ማለት ነው። ልዩነቱ ያኛው ወዶ የሄደ ተማሪ መሆኑ፣ ይኸኛው በገዛ አገሩ መሆኑ ነው።

በአብዮቱ ዘመን የኪነት ቡድኖች በየከተማው ተቋቁመው መድረኩን እስከ ዳር አገር አድርሰውት ነበር። ይህ ውለታ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን የሚጫወቱት አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የወረደውን ስለ ነበረ መድረኩ ሲደርስ ተውኔቱ አልደረሰም።

ነገሌም ብትሆን ድራማ ከሌላ ቦታ እስኪመጣላት አልጠበቀችም። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች የውሃ ጉድጓዳቸው ፓምፕ ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ቢከለከሉ አለቆቻቸውን አሰሩ። ጉዳዩን ለማጣራት ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትንም ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ እነሱ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። ከዚህ የተሻለ ትዕይንት ሊያዘጋጅ የሚችል ደራሲ የለም፤ ጽዋ፣ ውሃና ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ከጥቂት ወራት በኋላ መንግሥት ተለወጠ፤ ጸጋዬም «ሀ ሁ በስድስት ወር»ን ጻፉ። የአዲስ አበባ ተመልካች አብዮቱን በመድረክ ሲያይ መጀመሪያው የቆላ ጉድጓድ እንደ ነበረ ስንቱ አስታውሶት ይሆን?

በዚያ አገር ከጉድጓድ የሚበልጥ መድረክ የለም። ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው መንገድ፣ በዱብሉቅና በአካባቢው፣ ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ዋናዎቹ ዘጠኝ ናቸው ይባላል። ከብቱ ወደ ውሃው የሚወርድበት መንገድ ከመሬት በታች እንደ ሸለቆ ተቆፍሮ ረጅም ነው። ከገንዳው በታች ደግሞ ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ወጣቶች ከሥር እስከ ላይ በእርከን በእርከን ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ባልዲው ድሮ ከአውሬ ቆዳ ይሰፋ ነበር፤ ዛሬ ፕላስቲክ ነው። ዘፈኑ ግን አልተለወጠም፤ የእጁን ምት የሚጠብቀው እሱ ነው። አንዱ ያነሣል፣ የቀሩት ይቀበላሉ፤ የሚወደሱት ከብቶቹ ናቸው፤ የሚያዳምጡትም እነሱው ናቸው። የማን መንጋ መቼ እንደሚጠጣ የሚቆጥር፣ አባ ሄረጋ የሚባል ሹም አለ። ዘፈኑ ቢቋረጥ ምቱ ይሰበራል፤ ምቱ ቢሰበር ውሃው ይዘገያል፤ በደረቅ ወራት ደግሞ ከብት ውሃ የሚያገኘው በየሦስት ቀኑ ነው። ተዋናዩ ቃሉን ቢረሳ ላም የምትጠማበት ቴአትር በለንደንም በፓሪስም አይገኝም። ይህን ያየ ሰው በእነዚያ ከተሞች ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ሲቀመጥ አንድ ነገር ሳይጎድልበት አይቀርም።

በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮም እንዲሁ ነው። ሕግ የሚነገርበት፣ ሹማምንት የሚመረመሩበት ጉባኤ ሲሆን በምርቃት ይከፈታል፤ መራቂው አንድ ሐረግ ሲል ተሰብሳቢው በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ፓሪስ በሦስት የዱላ ምት ሕዝቡን ዝም ታሰኛለች፤ ቦረና ሕዝቡን አናግራ ትጀምራለች። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስለ ሕጉና ስለ ሥልጣን ሽግግሩ ብዙ ተጽፏል። የቴአትር ሰዎች ግን ስለዚህ ምርቃት አጻጻፍና አነጋገር ሊጽፉት የሚገባውን ገና አልጻፉም።

ከነዚህ ሁሉ ሻንጣዎች አንዱን ብቻ ወደ ነገሌ መውሰድ ቢቻል መመረጥ ያለበት የብሬሽት ሥራ ነው። የበርሊን ቡድን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1956፣ ደራሲው በሞተ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ለንደን ላይ ያሳየው የእናት ኩራዥ ተውኔት በጸጋዬ እጅ «እናት ዓለም ጠኑ» ሆኗል። ከጦር ጋር እየተከተለች የምትነግድ፣ ልጆቿን አንድ በአንድ የምታጣ ሴት ታሪክ ነው። ነገሌ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ሲገባባት አይታለች፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት በአካባቢዋ አልፏል። በጦርና በገበያ መካከል ሻይና ጨው እየሸጡ ልጅ ያሳደጉ እናቶች ያሏት ከተማ ስለዚህች ሴት ከአዘጋጁ የበለጠ ታውቃለች። ተውኔቱ በአፋን ኦሮሞ ተመልሶ፣ በቀን ብርሃን፣ በከብት ገበያው ዳር፣ ያለ መጋረጃ ይታይ። ጋሪውን ግን በግመል መለወጥ ያስፈልጋል።